የልጃችሁ ቻርተር ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል፦ ለዋሽንግተን ዲሲ ወላጆች ዝርዝር መመሪያ

ኦገስት 19 ቀን 2024 የዋሽንግተን ዲሲ የሕዝብ ቻርተር ትምህርት ቤቶች ቦርድ፣ በገንዘብ ቀውስ የተያዘው ኢግል አካዳሚ የተባለ ቻርተር ትምህርት ቤት ፍሬንድሺፕ በተባለው ሌላ የቻርተር ትምህርት ቤቶች ድርጅት ሥር እንዲጠቃለል የቀረበለትን ጥያቄ አልቀበልም አለ። ትምህርት ሊከፈት የቀረው አንድ ሳምንት ነበር። ከሦስት ዓመት ሕፃናት ጀምሮ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ከ300 በላይ ልጆች በዚያች ሳምንት ሌላ ቦታ ሊፈለግላቸው ግድ ሆነ። ኮሚዩኒቲ አካዳሚ የተባለው ትልቅ ቻርተር ትምህርት ቤትም የተዘጋው በገንዘብ አያያዝ ጉድለት ነው። የእሱ ቻርተር፣ ማለትም የመሥራት ፈቃዱ፣ የተሰረዘው ግን በፌብሩዋሪ 2015 ስለነበር ወላጆች የሚቀጥለው ዓመት የትምህርት ቤት ምደባ ሎተሪ ሳይዘጋባቸው ደረሱ። አንዱን ካምፓስ የከተማው መደበኛ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር (ዲሲፒኤስ) ወሰደው፤ ሌላውን ፍሬንድሺፕ ተረከበው።

በሁለቱም ጥፋቱ የአዋቂዎች ነው፤ የልጆቹን ዕጣ የለየው ግን ወሩ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ይዘጋ አይዘጋ ወላጅ አይወስንም። በወላጅ እጅ ያለው ጊዜና ወረቀት ነው፤ ይህ መመሪያም በዋናነት ስለ ሁለቱ ነው።

ቻርተር የሚሰረዘው እንዴት ነው?

ቻርተር ትምህርት ቤት የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል፣ ክፍያ የማይጠይቅ፣ ግን ለትርፍ ባልቆመ የግል ድርጅት የሚመራ ትምህርት ቤት ነው። ሁለት ቦርዶች እንዳሉ ልብ በሉ። አንደኛው የትምህርት ቤቱ የራሱ አስተዳደር ቦርድ ነው። ሁለተኛው ፈቃድ የሚሰጠውና የሚነሳው የከተማው ቦርድ ነው፤ ሰባት አባላት አሉት፣ የሚሾሙትም በከንቲባው ነው። ከዚህ በኋላ «የከተማው ቦርድ» የምንለው ይህንን ነው።

በዲሲ ቻርተር የሚሰጠው ለ15 ዓመት ሲሆን ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ ይገመገማል። ትምህርት ቤቱ ሕግ ከጣሰ ወይም ያስቀመጠውን የትምህርት ግብ ካልመታ የከተማው ቦርድ ቻርተሩን ሊሰርዝ ይችላል። ጉዳዩ የገንዘብ ሲሆን ሕጉ ይጠነክራል፦ ቦርዱ ተደጋጋሚ የገንዘብ አያያዝ ብልሹነት፣ ተቀባይነት ካለው የሂሳብ አሠራር መውጣት ወይም ትምህርት ቤቱ በኢኮኖሚ መቆም አለመቻሉን ካረጋገጠ መሰረዝ ግዴታው ነው። ወላጆች አዳራሽ ሞልተው ሲያለቅሱ ውሳኔው የማይቀለበሰው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

ሂደቱ የሚጀምረው ለትምህርት ቤቱ በሚላክ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ትምህርት ቤቱ የመስሚያ ስብሰባ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። ስብሰባው ጥያቄው በቀረበ በ30 ቀን ውስጥ ይካሄዳል፤ የመጨረሻው ውሳኔ ከስብሰባው በኋላ ባሉት 30 ቀናት ይሰጣል። ደምሩት፦ ከደብዳቤው እስከ ውሳኔው ቢበዛ ሁለት ወር ተኩል ገደማ። ትምህርት ቤቱ ራሱ ቻርተሩን ከመለሰ ይህ ሁሉ ቀርቶ በአንድ ስብሰባ ሊያልቅ ይችላል።

ሦስተኛም መንገድ አለ። በ2013 የከተማው አቃቤ ሕግ፣ አብዛኞቹ ተማሪዎቹ ልዩ ድጋፍ የሚሹ በነበሩት ኦፕሽንስ ትምህርት ቤት አመራሮች ላይ ክስ ሲመሠርት፣ ፍርድ ቤት ባለአደራ አስተዳዳሪ ሾመለት። ልጆቹ ሳይበተኑ ቆዩ፤ በ2015 ትምህርት ቤቱ ኪንግስማን አካዳሚ ተብሎ በአዲስ አመራር ቀጠለ። እንዲህ ያለው መፍትሔ ብርቅ ስለሆነ እቅዳችሁን በእሱ ላይ አትመሥርቱ።

ደብዳቤው ሳይመጣ የሚታዩ ምልክቶች

የትምህርት ቤቱ ገቢ በተማሪ ቁጥር ነው የሚመጣው፤ ቁጥሩ የሚረጋገጠው ኦክቶበር 5 በሚደረገው ቆጠራ ነው። 400 ልጅ ይመጣል ብሎ መምህር የቀጠረና ሕንፃ የተከራየ ትምህርት ቤት 320 ብቻ ከመጡለት፣ ከተማሪ የሚያገኘውን ገቢ አንድ አምስተኛ ያጣል፤ ኪራዩ ግን አይቀንስለትም። በዲሲ ትምህርት ቤት የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ስርቆት ሲኖርም ከዚህ ላይ ተደርቦ ነው።

ዓመታዊውን የኦዲት ሪፖርት ከከተማው ቦርድ ድረ ገጽ አውርዱና ሁለት ነገር ፈልጉ። አንዱ ኦዲተሩ ድርጅቱ «በሥራ ላይ የመቀጠል አቅሙ ከፍተኛ ጥርጣሬ ላይ ነው» ብሎ የሚጽፈው አንቀጽ ነው። ይህ አንቀጽ ካለ ሌላውን ሳታነቡ ወደሚቀጥለው ክፍል እለፉ። ሁለተኛው በእጅ ያለው ገንዘብ ስንት ቀን ያቆያል የሚለው ነው። በዓመት 12 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ትምህርት ቤት በቀን 33 ሺህ ዶላር ገደማ ያስፈልገዋል፤ ባንክ ያለው 500 ሺህ ከሆነ 15 ቀን ነው፣ አንድ የደመወዝ ዙር እንደ ማለት።

ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ለፌዴራል ገቢዎች የሚያቀርበው ቅጽ 990 ለሕዝብ ክፍት ነው። ክፍል 7 የአመራሩን ደመወዝና ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የተከፈላቸውን ዋና ዋና ኮንትራክተሮች ያሳያል። «ስኬጁል ኤል» የተባለው አባሪ ደግሞ ድርጅቱ ከራሱ አመራሮች ወይም ከዘመዶቻቸው ጋር ያደረገውን ግብይት ይዘረዝራል። በጀት ዓመቱ ጁን 30 የሚዘጋ ትምህርት ቤት ቅጹን የሚያቀርበው ኖቬምበር 15 ነው፤ ማራዘሚያ ከጠየቀ እስከ ሜይ 15 ሊዘገይ ይችላል። ሁልጊዜ የሚያራዝም ድርጅት ወንጀለኛ ነው ማለት አይደለም፤ መረጃው እናንተ ዘንድ ሲደርስ ግን አንድ ዓመት ያረጀ ይሆናል።

ወረቀት ማገላበጥ ለማይመቸው ደግሞ በዓይን የሚታይ አለ፦ በዓመት መካከል የሚለቁ መምህራን፣ ወራት ሙሉ በተተኪ መምህር የሚያዝ ክፍል፣ የልዩ ድጋፍ ባለሙያ መጥፋት፣ የአስተዳደር ቦርዱ ስብሰባ በተደጋጋሚ መሰረዝ። የፊት ቢሮውን ብትጠይቁ «ወሬ ነው፣ አንዘጋም» ይሏችኋል። አትፍረዱባቸው፤ እያንዳንዱ የሚሸሽ ልጅ ገቢ ይዞ ስለሚሄድ እውነቱን ቀድሞ የመናገር ፍላጎት የላቸውም። ስለዚህ ጥያቄውን ለከተማው ቦርድ ነው መላክ ያለባችሁ።

አንደኛ፦ ፋይሉን አውጡ

ዜናው በተሰማ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አዲስ ትምህርት ቤት ከመፈለጋችሁም በፊት፣ የልጁን ፋይል ቅጂ ያዙ። የፌዴራሉ የትምህርት ማህደር ሕግ ወላጅ ፋይሉን የማየት መብት ይሰጣል፤ ለትምህርት ቤቱም እስከ 45 ቀን ጊዜ ይሰጠዋል። በ30 ቀን ውስጥ ለሚዘጋ ቢሮ 45 ቀን ትርጉም የለውም። ስለዚህ በኢሜይል ጠይቁ፣ በማግስቱ በአካል ሂዱ፣ የጠየቃችሁበትን ቀን የሚያሳየውን ኢሜይል አስቀምጡ።

የምትጠይቁት፦

- የውጤት ካርዶች በሙሉ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ማህተም ያለበት ትራንስክሪፕት
- የክትባትና የጤና ቅጽ፣ የጥርስ ምርመራ ቅጽ፣ የመድኃኒት ፈቃድ ካለ እሱም
- የፈተና ውጤቶች፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና (ዊዳ አክሰስ) ውጤት ጭምር
- አይኢፒ (ልዩ ድጋፍ ለሚሻ ልጅ የሚዘጋጀው የግል የትምህርት ዕቅድ) ወይም 504 ፕላን (አካል ጉዳት ወይም የጤና ችግር ላለበት ልጅ የሚደረግለት ማመቻቸት የሚጻፍበት)፣ የመጨረሻው ግምገማና የአገልግሎት ሰዓት መዝገብ
- የመቅረትና የዲሲፕሊን መዝገብ

የተሰጣችሁን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። የእኛ ሰው ፋይል በብዛት የሚበላሸው በስም ነው፦ በአንዱ ወረቀት የአባት ስም፣ በሌላው የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል፤ የእንግሊዝኛው ፊደል በፓስፖርቱና በትምህርት ቤቱ ይለያያል፤ የልደት ቀኑ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀየር ስህተት ይገባዋል። ትምህርት ቤቱ ክፍት እያለ ልጁን የሚያውቁት ስላሉ ችግር አይሆንም። ከተዘጋ በኋላ ግን ፋይሉን የሚፈልገው ሰው ልጁን አይቶት አያውቅም፤ ኮምፒውተር ላይ የሚጽፈው እናንተ የሰጣችሁትን ስም ነው። ሬጅስትራሩ ወንበሩ ላይ እያለ ፓስፖርት ወይም የልደት ሰርተፍኬት አሳይታችሁ አሳርሙ።

ከዚያ ሁሉንም ገጽ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩ።

ሁለተኛ፦ ቦታ ያዙ፣ ከዚያ ምረጡ

ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ያለ የዲሲ ነዋሪ ልጅ በአድራሻው የተመደበለት የዲሲፒኤስ ትምህርት ቤት አለው። በማንኛውም ቀን፣ ያለ ሎተሪ፣ ያለ ወረፋ መግባት መብቱ ነው። እዚያ ለማስቀጠል ባታስቡም እንኳ ሌላ ቦታ በእጃችሁ ካልገባ አስመዝግቡት። ሰፈራችሁ ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ መመዝገብ በሌላ ትምህርት ቤት ካላችሁ የጥበቃ ዝርዝር አያስወጣችሁም፤ በተግባር ግን ብዙ ወላጅ ያስወጣል ብሎ ፈርቶ ልጁን ቤት ያስቀምጣል።

የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ግን ይህ መብት የላቸውም። ለእነሱ ያለው መንገድ ማይ ስኩል ዲሲ የተባለው የጋራ ሎተሪ ነው። ኢግል አካዳሚን የከፋ ያደረገውም ይኸው ነው፤ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ በዚያ ዕድሜ ላይ ነበሩ። የዚህ ዕድሜ ልጅ ካላችሁና ትምህርት ቤቱ ካሰጋችሁ፣ ባይዘጋም እንኳ በየዓመቱ ሎተሪ አስገቡ። ማመልከት ገንዘብ አያስከፍልም፤ አሁን ያለበትን ቦታም የሚያጣው ሌላ ትምህርት ቤት ደርሶት እዚያ ካስመዘገባችሁት ብቻ ነው።

ሎተሪው እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ያስመርጣል። የሁለተኛ ደረጃ ማመልከቻ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ የታችኛው ክፍል ማርች መጀመሪያ ይዘጋል፤ ውጤቱ በማርች መጨረሻ ገደማ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚያመለክት ሰው በጥበቃ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይሰለፋል። ስለዚህ የመዘጋቱ ወሬ የተሰማው በጃንዩዋሪ ከሆነ የውሳኔውን ቀን አትጠብቁ፤ አሁኑኑ አመልክቱ። ወሬው የተሰማው በጁላይ ከሆነ ደግሞ በየትኛው ክፍል ባዶ ወንበር እንዳለ በማይ ስኩል ዲሲ ስልክ ጠይቁ፤ የጥበቃ ዝርዝር የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ሁልጊዜ አሉ። በመዘጋት ላይ ካለ ትምህርት ቤት ለሚመጡ ልጆች ቅድሚያ የሚሰጥ መኖሩንም አብራችሁ ጠይቁ፤ ቅድሚያው ቢኖርም ሳይጠይቁ ስሙን የሚያስገባላችሁ የለም።

የሚዘጋው ትምህርት ቤት «ሁላችሁንም የሚቀበል ትምህርት ቤት ተገኝቷል» ሊላችሁ ይችላል። የኢግል ወላጆችም እስከ መጨረሻው ሳምንት በመጠቃለሉ ተስፋ አድርገው ነበር። በከተማው ቦርድ ያልጸደቀ ውህደት ውህደት አይደለም። ቢጸድቅም ሄዳችሁ ሳታዩ አትቀበሉ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያለው ክሬዶ የተባለ የምርምር ማዕከል በ2017 ባወጣው የ26 ስቴቶች ጥናት፣ ውጤታቸው ዝቅተኛ የነበሩ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ወደ ተሻለ ትምህርት ቤት የገቡት ተማሪዎች ከግማሽ በጥቂቱ ያንሱ ነበር፤ የገቡት ግን ካልገቡት የበለጠ ተሻሽለዋል።

ሦስተኛ፦ የነዋሪነት ማስረጃ

በአዲሱ ትምህርት ቤት የዲሲ ነዋሪነታችሁን ከዜሮ ታረጋግጣላችሁ። ከመጀመሪያው ዝርዝር አንድ ወረቀት ይበቃል፦ የዲሲ ታክስ የተቆረጠበት፣ 45 ቀን ያላለፈው የደመወዝ ወረቀት፣ ወይም ከዲሲ መንግሥት የሚሰጥ የድጋፍ ማስረጃ፣ ወይም የተረጋገጠ የዲ-40 ታክስ ቅጽ። ከሁለተኛው ዝርዝር ከሆነ ሁለት ወረቀት ያስፈልጋል፦ ሊዝ ከኪራይ መክፈያ ማስረጃው ጋር፣ የዲሲ መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ፣ የመኪና ምዝገባ፣ የመብራት፣ የጋዝ ወይም የውሃ ሂሳብ ከተከፈለበት ደረሰኝ ጋር። ሊዙ ያለ ኪራይ ደረሰኝ፣ ሂሳቡም ያለ ክፍያ ማስረጃ አይቆጠርም፤ ሰው የሚመለሰው በአብዛኛው በዚህ ነው።

ታክሲ፣ ኡበር ወይም ሊፍት የሚነዳ ወላጅ የደመወዝ ወረቀት የለውም። አካውንታንታችሁ የሰጣችሁ የዲ-40 ቅጂ አይሠራም፤ የከተማው የታክስ ቢሮ ያረጋገጠው መሆን አለበት። መንጃ ፈቃድና የመኪና ምዝገባ ሁለቱም የዲሲ ከሆኑ በእነሱ መጨረስ ይቀላል። ዘመድ ቤት ለሚኖርና በስሙ ምንም ወረቀት ለሌለው የቤት ጉብኝት አለ፤ ትምህርት ቤቱ ሰው ልኮ ያረጋግጣል። መጠለያ ውስጥ ወይም ቤት አጥቶ በሰው ቤት ተደርቦ ያለ ልጅ ደግሞ ወረቀት ባይሟላም ወዲያው መመዝገብ እንዳለበት የፌዴራል ሕግ ያዛል፤ «ማኪኒ ቬንቶ» የሚለውን ስም ጥሩና የትምህርት ቤቱን ተጠሪ አስጠሩ።

በዚህ መሃል ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የገባችሁ ከሆነ የወንድማችሁን አድራሻ አትጠቀሙ። ነዋሪ ያልሆነ ተማሪ የትምህርት ክፍያ ይጠየቃል፤ አቃቤ ሕግ ወላጆችን ከስሶ የጉዳቱን ሦስት እጥፍ የጠየቀባቸው ጉዳዮች አሉ።

አይኢፒ ያለው ልጅ

አይኢፒ ከልጁ ጋር ይሄዳል። በዚያው በዲሲ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር አዲሱ ትምህርት ቤት ያለውን አይኢፒ እስኪቀበል ወይም አዲስ እስኪያዘጋጅ ተመጣጣኝ አገልግሎት መስጠት አለበት። «መጀመሪያ እንገምግመው» ብሎ አገልግሎት ማቆም ሕገ ወጥ ነው። ግምገማ ተጀምሮ ከነበረ አዲሱ ትምህርት ቤት ይቀጥለዋል፤ እንደገና ፈርማችሁ ቀኑን ከአንድ አታስጀምሩ።

ቢጫው አውቶቡስ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በዲሲ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚመደበው በአይኢፒው ትራንስፖርት ለተጻፈላቸው ልጆች ነው፤ ጥያቄውን ለከተማው የሚልከው ልጁ የተመዘገበበት ትምህርት ቤት ነው። ምዝገባው ካላለቀ ጥያቄው አይሄድም፣ አውቶቡሱም ወደ ድሮው አድራሻ ሲመላለስ ይከርማል። በምዝገባው ዕለት «የትራንስፖርት ጥያቄውን መቼ ላካችሁ?» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ። ሌሎቹ ተማሪዎች በሜትሮና በባስ በነፃ የሚሄዱበትን ካርድ የሚሰጠውም የተመዘገቡበት ትምህርት ቤት ነው።

በገንዘብ የተዳከመ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚያጓድለው የንግግርና የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፤ ስለዚህ ልጃችሁ ያልተሰጠው ሰዓት ሊኖር ይችላል። የአገልግሎት መዝገቡን ከአይኢፒው ጋር አስተያዩት፦ በወር 4 ሰዓት ተጽፎ 1 ሰዓት ብቻ ከተሰጠ ልዩነቱ ማካካሻ ሊጠየቅበት ይችላል። ትምህርት ቤቱ ቢፈርስም የመጨረሻው ኃላፊነት የከተማው የትምህርት መሥሪያ ቤት፣ ኦሲ የሚባለው፣ ስለሆነ አቤቱታው ወደዚያ ይቀርባል። ለኦሲ የሚቀርበው የአስተዳደር አቤቱታ የጊዜ ገደብ አንድ ዓመት ነው፤ ወደ መደበኛው ክርክር የሚሄደው ሁለት ዓመት።

እንግሊዝኛ እየተማረ ያለ ልጅ ደግሞ በዊንተር የተፈተነው የዊዳ አክሰስ ውጤት የሚላከው ወደ ትምህርት ቤቱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በመሃል ከተዘጋ ሪፖርቱ እናንተ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። አዲሱ ትምህርት ቤት ልጁን በድጋፍ ፕሮግራም ካስገባ በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ በ30 ቀን ውስጥ፣ በዓመት መካከል ከሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊያሳውቃችሁ ይገባል።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ

በዲሲ ለመመረቅ 24 ክሬዲትና 100 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ያስፈልጋል። ትራንስክሪፕቱን ከውጤት ካርዶቹ ጋር መስመር በመስመር አመሳክሩ፦ ዓመቱን ሙሉ የተወሰደ ትምህርት 1 ክሬዲት ነው ወይስ 0.5 ተጽፏል? «በሂደት ላይ» ተብሎ የቀረ አለ? መምህሩ በመሃል የለቀቀበት ክፍል ውጤት ገብቷል? የ100 ሰዓቱ መዝገብ ብዙ ጊዜ በአንድ አማካሪ መሳቢያ ውስጥ ያለ ወረቀት ስለሆነ አማካሪው ሳይለቅ ቅጂውን ውሰዱ። 12ኛ ክፍል ሊገባ ያለ ልጅ፣ መምህራኑ ከመበተናቸው በፊት ለኮሌጅ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉለትን ሁለት መምህራን የግል ኢሜይል ይቀበል።

በስብሰባው ላይ ምን ይባላል?

የከተማው ቦርድ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ለመናገር አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፣ የሚሰጠውም ጥቂት ደቂቃ ነው። አማርኛ በዲሲ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ አስተርጓሚ ለመጠየቅ አትፈሩ፤ ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ስለራሱ ትምህርት ቤት መፍረስ የሚተረጉም ልጅ ግማሹን ለመዋጥ ይገደዳል።

«አትዝጉብን» የሚለው ንግግር በገንዘብ ጉዳይ ላይ እምብዛም አይሠራም። የሚሠራው ቀንና ስም የሚጠይቅ ነው፦ ትምህርት ቤቱ ዓመቱን ይጨርሳል ወይስ አይጨርስም? ለእያንዳንዱ ክፍል በአቅራቢያው ስንት ወንበር አለ? ፋይሎቹ የሚተላለፉት በየትኛው ቀን ነው? ለአይኢፒ ልጆች የሚጠየቀው ሰው ማን ነው? መልሱ በቃለ ጉባኤ ውስጥ ከገባ በኋላ ሊያስጠይቁበት ይቻላል።

ከተዘጋ በኋላ

ድርጅቱ ይፈርሳል፣ ዕዳው ይከፈላል፣ ሕንፃው ወደ ባለቤቱ ወይም ወደ አበዳሪው ይመለሳል፤ ይህ ወላጅን የሚመለከት አይደለም። እዚያው የሚሠራ ወላጅ ግን አንድ ነገር ይወቅ፦ የሠራተኛው የጤና ኢንሹራንስ ውል ራሱ ከተቋረጠ ኮብራ (ሥራ ያቆመ ሰው የድሮ ኢንሹራንሱን ራሱ እየከፈለ የሚቀጥልበት ሕግ) የሚቀጥለው ነገር ስለሌለ አይሠራም፤ የከተማው የጤና ኢንሹራንስ ገበያ በሆነው በዲሲ ሄልዝ ሊንክ በኩል ልዩ የምዝገባ ጊዜ ይጠየቃል።

በአዲሱ ትምህርት ቤት በሁለተኛው ሳምንት ልጁ በትክክለኛው ክፍል መመደቡን፣ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ንባብና ሒሳብ የት ላይ እንዳለ መምህሩን ጠይቁ። በዓመት መካከል የተዛወረ ልጅ አንዳንዱን ርዕስ ሁለቴ ይማራል፣ አንዳንዱን ጨርሶ አያገኝም፤ ሒሳብ ላይ ክፍተቱ ቶሎ ይታያል።

ፋይሉ በኋላ ቢያስፈልግ፣ ለኮሌጅም ይሁን ለሥራ፣ የተዘጉ ቻርተር ትምህርት ቤቶችን ማህደር የሚጠየቀው የከተማው ቦርድ ነው። በጥያቄው ላይ ልጁ ያኔ የተመዘገበበትን ስም ልክ በዚያን ጊዜ አጻጻፉ፣ የልደት ቀኑን፣ ካምፓሱንና የወጣበትን ዓመት ጻፉ፤ ስሙ በዜግነት ወይም በጋብቻ ከተቀየረ የስም ለውጡን ማስረጃ አያይዙ።